ለአማት የሚሆን መቀመጫ

ባሌ ጥሩነህ ያቺን ቤት መኪና ከአንድ ጡረተኛ ፈረንጅ ላይ የገዛት እኔን ሳያማክር ነው። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ ፍሪጅ አላት፤ የሌላት መሄጃ ብቻ ነበር። ስካርቦሮ ቤታችን ደጃፍ ላይ በረዶ ሲከመርባትና ሲቀልጥባት ከረመች። "ላም አለኝ በሰማይ" እያልኩ ስተርበው "ቀኗ ይመጣል" ይለኝ ነበር።

ቀኗ መጣ። ዊኒፔግ የምትኖረው አክስቴ ውቢት ታመመች። ውቢት በሱዳን አድርጋ ከአገር የወጣችው እኔ ጡት ሳልጥል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እሷና እናቴ በዓይን ተያይተው አያውቁም። እናቴን ካቻምና ስፖንሰር አድርጌ ሳስመጣት አውሮፕላኑ ጆሮዋን ጎድቶት፣ ሐኪሟ ሁለተኛ እንዳትሳፈር ከልክላታለች። የቀረው የመኪና መንገድ ነው፤ እሱም በካርታ ሲያዩት እንኳ ይደክማል።

"አላልኩሽም?" አለ ጥሩነህ፣ ደረቱን ነፍቶ። አመንኩለት። ይሄ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም።

ችግሩ ሽንት ቤቷ ነበር። የፊተኛው ባለቤት ውሃውን ሳያፈስ ትቷት ኖሮ ብርዱ መቀመጫውን ሰንጥቆታል፤ ፍላሽ ሲደረግ ወለሉ ይጥለቀለቃል። እናቴ ደግሞ ለደም ግፊቷ ሽንት የሚያሸና ክኒን ትወስዳለች። እሱን ከዋጠች ከሽንት ቤት መራቅ አይሆንላትም። አምና ለሰርግ ኦታዋ ስንሄድ ክኒኑን ሳትውጥ፣ ውሃም ሳትቀምስ ውላ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ እሷ አምቡላንስ ውስጥ ነበረች። ስለዚህ ቆርጬ ተናገርኩ። መቀመጫው ሳይቀየር ከደጅ ንቅንቅ የለም።

እዚህ ላይ ስለ ሁለቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴና ጥሩነህ የድሮ አማትና አማች ናቸው። ልጇ የሚሆነውን ሰው "አቶ ጥሩነህ" ትለዋለች፤ ሲገባ ብድግ ልትል ይቃጣታል። እሱም እሷ ከመጣች ወዲህ ፊቷ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። ሲያምረው "ቆሻሻ ልጣል" ብሎ ይወጣል። ቆሻሻ በሌለበት ቀን ሁሉ ቆሻሻ ይጥላል፤ ባዶ ፌስታል አንጠልጥሎ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ተመልሶ ሲገባ ጃኬቱ ትምባሆ ትምባሆ ይሸታል። እናቴ ታዲያ "ባልሽ ንጹሕ ሰው ናቸው፣ ቆሻሻ አያሳድሩም" ትለኛለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

ቅዳሜ ሦስታችንም ኢቶቢኮ ወዳለ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድን። እናቴን ይዘን እንሂድ ያለው ጥሩነህ ነው። "ቁመቱ ለጉልበታቸው መስማማት አለበት። ራሳቸው ቢሞክሩት ይሻላል" አለኝ። እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ የሰው እናት ሽንት ቤት ሳስቀምጥና ሳነሳ ስለምውል ነገሩ ነውር መሆኑ አልታየኝም።

ሱቁ ውስጥ የሽንት ቤት መቀመጫዎች ለፎቶ እንደሚነሱ ተማሪዎች ተደርድረዋል። አጭር አለ፣ ረጅም አለ፣ ፕላስቲክ አለ፣ ሴራሚክ አለ፣ በእጅ የሚጎተት አለ፣ በእግር የሚረገጥ አለ። ጥሩነህ ካፖርቱን እንደለበሰ በየተራ ይቀመጥባቸው ጀመር።

"ይሄ ዝቅ ይላል፣ ለመነሳት ያስቸግራል። ይሄኛው ፕላስቲክ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። እማማ፣ እስቲ ይሄንን ይሞክሩት!"

እናቴ የለችም። ዞር ብዬ ሳያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ የሚታጠፍ ወንበር ትመረምራለች። ሻጩ ፈገግ ብሎ ለማን እንደሚገዛ ጠየቀ። ጥሩነህ በዚያ የመጋዘን ሥራው ባስለመደው ድምፁ "ፎር ማይ ማዘር ኢን ሎው!" አለ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ "ማዘር"ን ግን ታውቃለች። ወጥታ ሄደች። መኪናው ውስጥ ቀበቶዋን አስራ፣ ዓይኗን ጨፍና አገኘናት።

ሴራሚኩን፣ ረጅሙን፣ በእግር የሚረገጠውን ገዛን። ጥሩነህ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ሲገጥም ዋለ። ሲጨርስ ጠራንና ፔዳሉን ረገጠ። ውሃው ዞሮ ወረደ፣ አንዲት ጠብታ ወለል አልነካችም። እውነቱን ለመናገር ከቤታችን ሽንት ቤት ያምር ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አቶ ጥሩነህ። ለምን ደከሙ፣ ለእኔ እንኳ አያስፈልግም ነበር" አለች እናቴ፣ ወደ ውስጥ ሳታይ።

ለመሄድ ስንሰናዳ ሻንጣዋን አየሁት። ለውቢት በርበሬ ተይዟል፣ ሽሮ ተይዟል፣ ጋቢ ተይዟል። ክኒኑ የለም። መሳቢያዋን ብከፍት እዚያው ተቀምጧል።

"እማዬ! አሁንም?"

"ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።"

"ይስሙ! መቀመጫ ተገዛ፣ ተገጠመ። ደግሞ ምን ጎደለ?"

እናቴ አልጋው ላይ ተቀመጠች። "መቀመጫው መልካም ነው ልጄ። ሴት ወይዘሮ የምትቀመጥበት ነው። በሩ ግን ወረቀት ነው። እሳቸው እዚያ መሪ ይዘው፣ እኔ እዚህ... አማቼ እየሰሙኝ? ሞቼ ነው ቆሜ!"

"ታመሽ ልትወድቂ ነው! ውቢትን ልትጠይቂ ሄደሽ አጠገቧ ልትተኚ ነው?"

"ደርሼ ዓይኗን ልየው እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል" አለች። እኔም ጮኼባት ስለነበር አፈርኩ፤ ግን ንዴቴ አልወረደም።

ለጥሩነህ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ፊቴን ሲያይ ተወው።

"ሬዲዮ ከፍ ላድርግላቸዋ" አለ።

"ከፍ ባደረግክ ቁጥር እኮ ደወል ደወልክ ማለት ነው። 'ገቡ' ብለህ ማወጅህ ነው!"

አንገቱን አከከ። "ልክ ነሽ" አለ። ቀጥሎ "ቆሻሻ ልጣል" ብሎ ወጣ፤ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ ጠዋት ተነሳን። ክኒኑን እኔው ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ባሪ የምትባለውን ከተማ እስክናልፍ ሦስቴ አቀረብኩላት፣ ሦስቴም ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። ብርጭቆውን እንኳ አልነካችም። ከንፈሯ ደርቋል። ከኋላዋ አዲሱ መቀመጫ በወረቀት በሩ ተዘግቶ እንደ እንግዳ ቁጭ ብሏል።

ፓሪ ሳውንድን አለፍ እንዳልን ጥሩነህ ዳር ይዞ አቆመ።

"ጎማው አልጣመኝም" አለ። "የኋላው። ትንሽ ልየው።"

ወረደ። በዱላ ጎማውን ሁለቴ ጠለዘው፣ ከዚያ እያፏጨ ሄደ፣ ሄደ፣ ጫካው ጥግ ደርሶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ጢሱ ከራሱ በላይ ይታየኛል። እኔ በገንኩ። ሱሱ ነው! እናቴ አፏ ደርቆ እሱ ሲጋራ! ትንፋሹን ሰብስቦ ሲመለስ "ጎማው ደህና ነው" አለ፣ መንገዱን ቀጠለ።

ብዙም ሳንሄድ ደግሞ አቆመ። ጎማው አሁንም አልጣመውም። ደግሞ ዱላ፣ ደግሞ ፉጨት፣ ደግሞ ጫካ።

"እንዲህ ከሆነ ለመስቀል እንደርሳለን!" ብዬ በመስኮት ጮህኩበት። "ጎማዎቹን ባለፈው ወር አይደል ያስቀየርካቸው?"

አልዞረም። እንዲያውም ራቅ አለ፤ ፉጨቱንም ከፍ አደረገ፣ ምን ያህል እንደራቀ ይሰማ ዘንድ። ያን ጊዜ ገባኝ። እንባዬ መጣ፤ ሳቄም መጣ፤ የትኛውን እንደማስቀድም ግራ ገባኝ።

ለእናቴ ግን ከእኔ ቀድሞ ገብቷት ኖሯል። በመስኮት ወደ ጀርባው አየች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ ወረቀት በሩን ከፍታ ገባች። እኔም ወርጄ አስፋልቱን ተጠጋሁ፤ ለልጅም ቢሆን ወግ አለው። ፉጨቱ አልተቋረጠም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ውሃው ዞሮ ሲወርድ ሰማሁ። የተመረጠው ሴራሚክ ሥራውን ሠራ።

ጥሩነህ መሪው ጋ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ጎማው ደህና ነው፣ እማማ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች እናቴ። "ጠንቃቃ ሰው ነዎት።"

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። እናቴ ወደ ጫካው አየት አደረገችና እጇን ዘረጋችልኝ። መዳፏ ተከፍቷል። ክኒኑን አስቀመጥኩላት። ዋጠችው፤ ብርጭቆውን እስከ አተላው ጨለጠችውና "ድገሚኝ" አለችኝ። ደገምኳት። እሱንም ጠጣች፣ እዚያው አማቿ በመስተዋት በሚያያት ቦታ።

ሰድበሪ ልንደርስ ስንል ከኋላ ድምፅዋን ሰማን። ጉሮሮዋን ጠራረገች።

"አቶ ጥሩነህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ የኋላው ጎማ አላማረኝም። ቢያዩት።"