የሺንጎ ድምፅ

የፉሚዬን የበኩር ልጅ ሺንጎን ባሕር የወሰደው በክረምት ነው። ጀልባዋ ከነዓሣ አጥማጆቹ ተገልብጣ ቀረች። የአንዳንዶቹ አስከሬን ሲገኝ የእሱ አልተገኘም። በመቃብሩ ውስጥ ያኖረችው ቤት ረስቶት የሄደውን የሥራ ጓንቱን ነው።

ታናሹ ሪዮጂ ያኔ ቶኪዮ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ሙቴኪ የሚባል የሮክ ባንድ አቋቁመው ነበር። ስሙን ያወጡለት በትውልድ ከተማው በኩሺሮ ወደብ፣ ጭጋግ ሲወርድ ለመርከቦች በሚጮኸው ጡሩምባ ነው። ለዓመታት ባዶ ወንበር ፊት ሲጫወት የኖረው ባንድ፣ ሪዮጂ ለወንድሙ ባወጣው አንድ ዘፈን አገር ምድሩን አስለቀሰ። «ገመዱን ወርውርልኝ» ይላል ዘፈኑ። በየሱቁ፣ በየታክሲው እሱ ነበር የሚሰማው። ፉሚዬ ግን ወደቡ አጠገብ ባለችው ትንሽ ምግብ ቤቷ ዘፈኑ ሲጀምር ሬዲዮኑን ታጠፋለች።

አንድ ቀን ከኦሳካ የመጣች ወጣት ገብታ ተቀመጠች።

«ይቅርታ እማማ፣ የሪዮጂ እናት እርስዎ ነዎት?»

«ዓሣው ይጠበስልሽ ወይስ ይቀቀል?» አለቻት ፉሚዬ።

ልጅቱን እንባ ቀደማት። «አባቴ የሞተ ጊዜ ያን ዘፈን እየሰማሁ ነው የተጽናናሁት። ሺንጎ ምን ዓይነት ገር ሰው ነበር!»

ሺንጎ ገር አልነበረም። ነገረኛ ነበር፤ ለጠብ እጁ የሚፈጥን፣ ሾርባ ሲጠጣ ጎረቤት የሚሰማው ሰው። ይህን ለልጅቱ መንገር ግን አልሆነላትም። ሩዝ ጨመረችላትና ወደ ጓዳ ገባች።

በጸደይ ሙቴኪ ኩሺሮ ሊጫወት መጣ። ሪዮጂ በዋዜማው እናቱን ሊጠይቅ ሲገባ ሳህን ታጥብ ነበር።

«ነገ እሱን ዘፈን አትዝፈነው» አለችው ዞር ሳትል።

«እማ፣ ሰዉ የሚመጣው እኮ ለሱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ምን አጠፋሁ ታዲያ? ጋሼ እንዳይረሳ ብዬ ነው።»

«ምንም አላጠፋህም። ድምፁ ጠፋብኝ፣ ሪዮጂ። ፊቱስ ፎቶ አለው። ዓይኔን ጨፍኜ ሲጠራኝ ልሰማ ስል ግን የሚመጣው ያንተ ድምፅ ነው። ‹ገመዱን ወርውርልኝ› እያልክ።»

ሰው ሁሉ ድምፅ በስልኩ የሚቀዳበት ዘመን አልነበረም። ሪዮጂ «እሺ፣ አልዘፍነውም» አለ።

እንዳለውም አልዘፈነውም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ፉሚዬ አዳራሹ መጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሌላውን ሁሉ ሰማች። ባንዱ እጅ ነስቶ ከመድረክ ወረደ። ሰዉ ግን ከወንበሩ አልተነሳም። ከፊት አንዲት ሴት ያንን ዘፈን ቀስ ብላ ጀመረችው፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተቀበላት። ሪዮጂ ብቻውን ተመልሶ ወጣ። ጊታሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አፉን ገጥሞ ቆመ።

ፉሚዬ ልትወጣ ተነስታ ነበር። ከጎኗ የተቀመጠችውን ማሳዮን ስታይ ግን ቆም አለች። ማሳዮ ከሺንጎ ጋር የሰጠመው የጀልባዋ ካፒቴን ሚስት ናት። ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ገመድ እንደሚቀበል ሰው ሆና ትዘፍናለች። ፉሚዬ ተመልሳ ተቀመጠች።

ጠዋት ሪዮጂ ባቡር ከመሳፈሩ በፊት ሊሰናበታት መጣ።

«ከእንግዲህ ዝፈነው» አለችው። «ማሳዮን አየኋት። ባሏን ነበር የምትጠራው።»

«የጋሼ ድምፅስ?»

«ምን ይደረጋል።»

ሪዮጂ ወጣና በሩን ዘጋ። የሄደ መስሏት ነበር። ወዲያው በሩ ተበርግዶ ተከፈተ፤ ሸካራ፣ ወፍራም ድምፅም ቤቱን ሞላው።

«እማ! ዛሬም ዓሣ ነው? ሰው ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲጎትት ውሎ ዓሣ ይበላል?»

«ካልጣመህ ራስህ አትሠራም!» አለች ፉሚዬ፣ ሳታስበው። ከዚያ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። እሱ ነበር። ጉሮሮውን የሚከረክረው ሲጋራ ሳይቀር የሺንጎ ድምፅ ነበር።

«እስቲ እንደገና በለው» አለች በሹክሹክታ።

ሪዮጂ ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። በዚህኛው ግን ድምፁ የሪዮጂ ብቻ ሆነ። እሱም ገባው።

ፉሚዬ ተጠግታ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት። «ሂድ፣ ባቡሩ ያመልጥሃል» አለችው። እስከ መታጠፊያው በዓይኗ ሸኘችው፤ ከዚያ ገብታ የቀኑን ሩዝ ማጠብ ጀመረች።