ሲያትል ያለችው ልጅ

ዘርዓብሩክ ታክሲውን ሐበሻ የሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ፓርክ አድርጎ ወረደ። ልጁ ሄራን ትናንት ከቤት እንደወጣች አልተመለሰችም። ስልኳ ዝግ ነው። ፓልምስ ሰፈርን ሲዞር አድሮ፣ ለየሆስፒታሉ ሲደውል አርፍዶ፣ የቀረው የእትዬ ሰርክ ምግብ ቤት ብቻ ነበር። ሾፌሩም የፓርኪንግ ሠራተኛውም የሚገናኘው እዚያ ነው፤ አንዱ ባያያት ሌላው ሳያያት አይቀርም።

ችግሩ፣ እነሱ የሚያውቋት ሄራን ሲያትል ናት። ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ስትሆን የተሰጣት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱስ ሆኖባት ከትምህርት ቤትም ከቤተ ክርስቲያንም ስትጠፋ፣ «ሲያትል፣ አክስቷ ጋ ልኬያታለሁ» ብሎ ነበር። ታመመች ቢል ሰው ብርቱካንና ጸበል ይዞ ቤቱን ያጥለቀልቀዋል፤ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦም ምን እንዳመማት ይጠይቃል።

በሩን ሲከፍት እንግዳ የሚባለው ወጣት ሾፌር ፍርፍሩን እየጎረሰ ነው።

«ጋሼ ዘሬ! ምነው፣ ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ ረስተህ የመጣህ ትመስላለህ!»

«ተወው አንተ አፈኛ!» አሉ እትዬ ሰርክ ከካውንተሩ ጀርባ። «ና ቁጭ በል ዘርዬ። ሲያትል ያለችው ልጄስ ደህና ናት?»

አፉ «ደህና ናት» ሊል ተከፈተ። ለምዶታል።

«ሲያትል አይደለችም» አለ። «ሄዳም አታውቅም። ክኒን ትወስዳለች። እቤት ደብቄያት ነው የከረምኩት። ትናንት ጠፋችብኝ፤ ያያት ሰው አለ?»

እንግዳ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰ።

«ጋሼ… ጠዋት እዚህ አጠገብ ያለው ልብስ ማጠቢያ ላውንደሪ ውስጥ አንዲት ልጅ ወንበር ላይ ተኝታ ነበር። ሄራንን መሰለችኝ። ልቀሰቅሳት ብዬ፣ ሲያትል ናት ስላልከን… ሌላ ልጅ ናት ብዬ ልብሴን ይዤ ወጣሁ።»

ዘርዓብሩክ ፊቱን አዙሮ ሮጠ። ከኋላው እትዬ ሰርክ አምቡላንስ ሲጠሩ ሰማ።

ላውንደሪው ሞቅ ብሏል፤ ማድረቂያዎቹ ሁሉ ይሽከረከራሉ። አንዲት ሴትዮ ፎጣ እያጠፈች ነው። አጠገቧ፣ ጥግ ላይ፣ ሄራን ኮፍያዋን ዓይኗ ድረስ ስባ አንገቷ ወደ ጎን ወድቆ ወንበር ላይ ናት። እጇ ቀዝቅዟል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጆሮውን አፍንጫዋ ሥር አደረገ። ከማሽኖቹ ጩኸት በቀር ምንም አይሰማም።

«አጥፉልኝ! ማሽኑን አጥፉልኝ!»

በአማርኛ ነበር የጮኸው። ሴትዮዋ ደንግጣ ቆመች። ተከትሎት የደረሰው እንግዳ የማድረቂያዎቹን በር አንድ በአንድ እየበረገደ አስቆማቸው። የመጨረሻው ሲቆም ዘርዓብሩክ የራሱን ትንፋሽ ያዘ።

ምንም።

ከዚያ አንድ ቀጭን፣ የተጎተተ ትንፋሽ። ከዚያ ደግሞ ረጅም ዝምታ።

አምቡላንሱ ደረሰ። ሠራተኛው አጠገቧ ተንበርክኮ ምን እንደወሰደች፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስድ ጠየቀው። የፌርፋክስ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቧል፤ እትዬ ሰርክ ሽርጣቸውን እንዳሸረጡ ከፊት ቆመዋል።

«ንገረው ዘርዬ» አሉ።

ነገረው። ድምፁን ሳይቀንስ፣ ምንም ሳያስቀር ነገረው፤ አፉ እየተናገረ ጆሮው ግን የሚቀጥለውን ትንፋሿን ይጠብቅ ነበር።