የአማት ጉርሻ በአሥራ ሰባተኛው ኪሎሜትር

«ቢስሚላህ በይና አፍሽን ክፈቺ!» አሉ እማማ ሐኪማ፣ የሩጫውን መንገድ ከከለለው ገመድ በላይ ተንጠራርተው ጉርሻውን ወደ ሉባባ እየዘረጉ።

ሉባባ ቀጥ ብላ ቆመች። ወደ ሁለት ኪሎሜትር በወንዝ ዋኝታ፣ ዘጠና ኪሎሜትር በብስክሌት ነድታ፣ አሁን ደግሞ አሥራ ሰባት ኪሎሜትር ሮጣለች። አራት ይቀራታል። ውድድሩን ጨረሰች ለመባል በስምንት ሰዓት ተኩል ውስጥ መግባት አለባት፤ የቀራት ጊዜ አርባ ደቂቃ አይሞላም።

«ማም፣ ኖ! ዩ ካንት! ፔናልቲ!» ብላ ጮኸች ልጇ ነጃት ከአያቷ ጎን።

ሉባባ ሕጉን ከነጃት በላይ ታውቀዋለች። ውሃም ሆነ ምግብ ከአዘጋጆቹ ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ ከተመልካች እጅ የተቀበለ አምስት ደቂቃ ይጨመርበታል። ግን ደግሞ እማማ ሐኪማንም ታውቃቸዋለች። የባሏ እናት ናቸው፤ ከደሴ ወደ አሜሪካ ከመጡ አራት ዓመታቸው ነው። ሉባባ አሌክሳንድሪያ ካለው ሆቴል ሥራዋን ጨርሳ ሲልቨር ስፕሪንግ መዋኛ ገንዳ በገባች ቁጥር፣ «የልጅ እናት እንደ ዳክዬ ውሃ ውስጥ ምን ትሠራለች?» እያሉ ለልጃቸው ለአብዱልሰላም ሲያሟት ኖረዋል።

ባለፉት ሁለት ውድድሮች አልመጡም። በመጀመሪያው ሉባባ ከመነሻው ፈጥና ትንፋሽ አጠራትና በጀልባ ወጣች፤ መቸኮል እንደማያዋጣ ተማረች። በሁለተኛው ሳይርበኝ አልበላም ብላ ብስክሌቱ ላይ እግሯ ተሳሰረ፤ ረሃብ ሳይመጣ መብላት እንዳለባት ተማረች። ዛሬ ሁሉንም አስተካክላ መጥታለች። ዛሬ ደግሞ አማቷ ማንም ሳይጠራቸው በማለዳ ተነስተው፣ ቅቤ የጠገበ ፍርፍር ሠርተው፣ እዚህ ቆመዋል። ለዚህ የሚያዘጋጅ አሠልጣኝ የለም።

ዙሪያዋን አየች። በአካባቢው ዳኛ የለም። የአሮጊቷ እጅ እንደተዘረጋ ነው። ዛሬ ብመልሰው ይህ እጅ ሁለተኛ አይዘረጋልኝም ብላ አሰበች፤ አፏን ከፈተች።

የአማት ጉርሻ ነውና ጉንጯን ወጠረው።

«አላህ ያበርታሽ፣ ልጄ!» አሉ እማማ ሐኪማ። እስከዛሬ ስሟን እንጂ ልጄ ብለዋት አያውቁም። ሉባባ እያኘከች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሮጠች። ከበርበሬው ነው ብሎ የሚያምን ይመን።

በስምንት ሰዓት ከሃያ ሰባት ደቂቃ ገባች። ሜዳሊያው አንገቷ ላይ ሲጠለቅ አብዱልሰላም እንደ ልጅ ዘለለ፤ እማማ ሐኪማ አጠገባቸው የቆሙት ፈረንጆች እስኪያጨበጭቡ ድረስ እልልታውን አቀለጡት። ሉባባም ኮራች። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ዋና የጀመረች፣ በቀን አሥራ አራት ክፍል የምታጸዳ ሴት ናት፤ ብትኮራ ያምርባታል።

ትንሽ አረፍ ብላ ወደ ዳኞቹ ድንኳን ማዝገም ስትጀምር ነጃት ተከተለቻት።

«ማም፣ ኖባዲ ሶው ኢት! ማንም አላየሽም እኮ። ሦስት ዓመት ነው የለፋሽው!»

«ለዚያ ነዋ የምነግራቸው። ሦስት ዓመት ለፍቼ፣ ባየሁት ቁጥር የሚያሳፍረኝ ሜዳሊያ ቤቴ አልሰቅልም።»

ዳኛዋ ሽበታም፣ ፊቷ ደግ የሆነ ሴት ነበረች። ሰምታ ስትጨርስ መውጫ ልታበጅላት ሞከረች። «ሕጉን ሳታውቂው ቀርተሽ ይሆናል፤ አይደል?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተቀበልሽ?»

«የባለቤቴ እናት ናቸው» አለች ሉባባ።

ዳኛዋ አምስት ደቂቃ ደመረች፤ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ሆነ። ገደቡ በሁለት ደቂቃ ስላለፈ የሉባባ ስም ከጨራሾቹ ዝርዝር ተሰረዘ። ሉባባ ሜዳሊያውን አውልቃ ብትዘረጋላት ግን ዳኛዋ እጇን መለሰችባት። «እሱ ይቆይሽ። መንገዱን በእግርሽ ጨርሰሻል።»

ሲመለሱ እማማ ሐኪማ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ደሴ ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር በቪዲዮ እያወሩ ነበር። ስለ ቅጣቱም ሆነ ስለ ሰዓቱ ገደብ የሚያውቁት ነገር የለም።

«ይቻትላችሁ ልጄ! በእኔ ጉርሻ ነው እኮ እዚህ የደረሰችው፤ ልትወድቅ ምንም አልቀራት ነበር! ነይ ሉባባ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀብሽ ንገሪያቸው!»

ነጃት ልትናገር አፏን ስትከፍት ሉባባ እጇን ጨበጥ አደረገቻት። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ ደሴ ድረስ ያለስልክም እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ስምንት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ!»

አምስቱ ደቂቃ ከየት እንደመጣ ግን ለማንም አልተናገረችም።