ከቦርዱ አንድ ጣት ከፍ

የአባዬ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ፣ የጥገና ሱቁን ለማን እንደሚያስረክብ ቤተሰቡ ሁሉ ይጠብቃል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጎብጬ ስበይድ የኖርኩት እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ከሹፌርነት ሥራው ተባሮ ሱቁ ውስጥ መዋል ከጀመረ ገና ሦስት ወሩ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው!

አባዬ ቁልፉን ቅዳሜ ለአንዳችን እንደሚሰጥ ነግሮናል። ሐሙስ የአንድ ትምህርት ቤት ድምፅ ማጉያ ጠገንኩ። ከረንት የሚገድበው ሬዚስተር ተቃጥሎ ነበር፤ እሱን አውጥቼ በምትኩ ትልቅ የሸክላ ሬዚስተር አስገባሁ፤ የሽቦ እግሮቹን ሳላሳጥር፣ ከቦርዱ አንድ ጣት ከፍ አድርጌ በየድኩት።

«ምንድነው እንደ ሽመላ ያቆምሽው?» አለ ወንድሜ እየሳቀ።

«ይግላላ! ከሥሩ አየር ይለፍበት ብዬ ነው።»

«የሚግል ከሆነማ ተበላሽቷል።»

«ሥራው እኮ ነው! ኤሌክትሮኖቹ መዳቡ ውስጥ እንደልባቸው ያልፋሉ። እዚህ ሲደርሱ ግን ከአተሞቹ ጋር ይላተማሉ። በተላተሙ ቁጥር አተሞቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሙቀት ማለት ያ ነው። ከረንቱ እጥፍ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።»

«እሺ፣ የኔ መምህርት» አለኝ። በግራ ጆሮው ነው የሰማኝ።

ዓርብ ዕቃ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ድምፅ ማጉያው የለም። ወንድሜ ክዳኑን ገጥሞ ለትምህርት ቤቱ አስረክቦታል።

ቅዳሜ ጠዋት የወላጆች ስብሰባ ላይ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ርዕሰ መምህሩ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ መድረኩ ጭስ በጭስ ሆነ። እኩለ ቀን ላይ ዕቃው ተመልሶ ጠረጴዛችን ላይ ተወረወረ።

«ማን ነው የሠራው?» አለ አባዬ።

«እሷ ናት» አለ ወንድሜ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

አባዬ ክዳኑን ፈታ። ሬዚስተሩ እግሮቹ በመቆንጠጫ ታጥፈው ቦርዱ ላይ ተኝቷል፤ ከሥሩ ያለው ቦርድ ከስሏል።

«ለዓይን እንዲያምር ብዬ ትንሽ ጎንበስ አደረግኩት እንጂ...» አለ ወንድሜ።

አባዬ የከሰለውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰው። ጣቱ ጠቆረ።

«እግሩን አታሳጥሪው፣ አታስተኚው፣ ይተንፍስ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

ከዚያ ከኪሱ ቁልፉን አወጣና፣ በዚያው በጠቆረው ጣቱ ለወንድሜ ሰጠው።

«እሱ የልጆች አባት ነው። አንቺ ቻይ ነሽ፣ ልጄ።»

ምነው በጥፊ ቢያጮለኝ! ባያውቅ ኖሮ እኮ ይቅር እለው ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

«እህት ዓለም፣ አንድ ሬዚስተር ጋለብኝ። ምን ላድርገው?»

«ጣትህን አስቀምጥበት!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያ ሞኝ ደግሞ ያደርገዋል እኮ! ዕቃ ባበላሸ ቁጥር ደግሞ የሚጎድፈው የአባዬ ስም ነው።

መልሼ ደወልኩ። ከቦርዱ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት፣ እግሩ በምን እንደሚያዝ፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። ቻይ አይደለሁ!