ለአባቴ መኪና የሚሆን ጠረጴዛ

...አይሆንም፣ ይሄም ጠረጴዛ ጠማማ ነው፣ ዓይኔ አይሸወድም፣ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ቆሜ ጨርቅ ላይ እንከን የምፈልግ ሴት ነኝ፣ የብረት ማስመሪያዬን ጣውላው ላይ በጠርዙ አቆማለሁ፣ ከሥሩ ብርሃን ያልፋል። ያልፋል፣ በቃ። አናጢው ካሊድ ይስቃል፣ እህቴ፣ ለምግብ ጠረጴዛ ይሄ ምን አለው፣ ማን የምግብ አለህ፣ ሞዴል መኪና ልሠራበት ነው፣ ለልጅሽ? ለራሴ። ሳቁን ትቶ ሌላ ያሳየኛል። ያሳየኝ።

አባቴ አሰብ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት የነዳትን ፊያት የጭነት መኪና በካርቶንና በቆርቆሮ እየሠራሁ ነው፣ የመጀመሪያዋን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ቤታችን፣ ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ገጣጠምኳት፣ ጠረጴዛው መሃሉ ሰርጉዷል፣ የሥር አጽሟ፣ ሻንሲዋ፣ ተጣመመ፣ አንድ ጎማዋ አየር ላይ ቀረ፣ ወንድሜ ኑርሁሴን በጣቱ አወዛወዛትና፣ ዊዳድ፣ አርባ ሁለት ዓመትሽ ነው እኮ፣ ሰው ምን ይላል። ሰው። አባባ ሲሞት መኪናዋን የሸጣት ሰው አማክሮ ነው? እኔን እንኳ አልጠየቀኝም።

ፕላይውድ፣ ቀላል ነው፣ የደሴ ጉም በአንድ ክረምት ያጎብጠዋል። መስታወት፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ግን ስጫነው ይሰበራል ብዬ እሰጋለሁ። ካሊድ ከጓሮ ለስላሳ ፎርማይካ የለበሰ ወፍራም የቺፑድ ጠረጴዛ ይጎትታል፣ ማስመሪያዬን በቁመት፣ በአግድም፣ በሰያፍ፣ ወላሂ አንዲት ክር ብርሃን የለም፣ ማስቲሽ ቢንጠባጠብበት ይላጣል፣ ለቢላዋው ካርቶን አነጥፋለሁ፣ ይሄ ነው፣ ሚኒባስ ላይ እሰርልኝ። አብሽሪ፣ አይወድቅም፣ ይላል ካሊድ።

የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስንወጣ ጠረጴዛው ጣራው ላይ ይንቋቋል፣ ጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ምን ጭነሽ ነው ልጄ፣ የሥራ ጠረጴዛ፣ እላቸዋለሁ። ሥራ። ጨዋታ አላልኩም። የት ላድርገው፣ ጓዳው ጨለማ፣ መኝታዬ ጠባብ፣ ብርሃን ያለው ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው፣ ሳሎን የእንግዳ ነው ይላል ኑርሁሴን፣ እንግዳው በዒድ ይመጣል፣ እኔ በየቀኑ አለሁ።

በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። የት ልታደርጊው ነው፣ ሳሎን፣ እንግዳ ሲመጣስ፣ ስሠራ ያየኛል። መኪናዋን ሳትጠይቀኝ ሸጥካት፣ ይሄን ደግሞ ሳልጠይቅህ አስገባለሁ።

ጎንበስ ይልና ጠረጴዛውን በአንድ በኩል ይይዛል፣ ከባድ ነው፣ ቀስ፣ ጠርዙ በሩን እንዳይነካ፣ ቀስ በል፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ እየገባ፣ የአባባ መኪና መብራቷ ክብ ነበር፣ ይላል፣ አንቺ አራት ማዕዘን አድርገሽዋል።