የምጥዋ ጣራ በጋይንት

የውባለም ባል ደምሌ ምጥዋ ወደብ ጆንያ ሲሸከም ኖሮ፣ በገና ሰሞን ወደ ጋይንት ሲመለስ ይዞላት የመጣው ደረቅ ዓሣ፣ ትንሽ ሩዝና አንድ ራስ ሙሉ ወሬ ነበር። ዓሣው ይሸታል፤ ወሬው ይብሳል።

«የምጥዋ ቤት ግድግዳው ከባሕር በወጣ ድንጋይ ነው የሚገነባው። መስኮቱ እንጨቱ ተፈልፍሎ ወንፊት ይመስላል፤ ነፋስ ያስገባል፣ ሴቲቱን ከውጭ አያሳይም። ጣራውማ ጠፍጣፋ! ሰዉ ሲመሽ አልጋውን ይዞ ይወጣና እላዩ ላይ ይተኛል።»

«ምነው፣ ቤት የላቸውም?» አለች ውባለም።

«ሙቀቱ ነዋ!»

«እኛ ዘንድ ደግሞ ማን ሞቆት ያውቃል?»

ባሕር ያየ ወንድ ሚስቱን አይሰማም። ደምሌ ደህናውን የሣር ክዳን አፍርሶ ግንድ ረበረበ፣ በግንዱ ላይ ጭቃ ደለደለ፣ ረጋግጦ ጠፍጣፋ አደረገው። ውባለም የጨነቃት ጎተራዋ ነው። የዘር ገብሷና ባቄላዋ ከዚያው ሥር ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ይቀልጣል፤ ጭቃው ከቀለጠ ዘሩ እቤት ውስጥ ይበቅላል። ክዳኔን መልስልኝ ብላ ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻም ሽማግሌ ላከች። ሽማግሌዎቹ ጣራው ላይ ወጥተው፣ አገር ምድሩን ቃኝተው፣ «ግሩም ነው!» እያሉ ወረዱ። ሽማግሌም ቢሆን አዲስ ነገር ሲያይ እንደ ጥጃ ነው።

የሰኔ ሚካኤል ማኅበር ተራው የእነሱ ነበር። ደምሌ ማኅበርተኛውን ካላስደነቅሁ ብሎ ወንዱን ሁሉ በመሰላል ጣራው ላይ አወጣ። ቄስ አስናቀን ሁለት ሰው ከላይ ሳባቸው፣ ሁለት ሰው ከታች ገፋቸው። ሴቶቹ ታች ሽሯቸውን ሲበሉ እሱ ያንን ዓሣ በበርበሬ አቃጥሎ፣ በሩዝ ላይ ዘርግቶ ለወንዶቹ አቀረበ።

ቄስ አስናቀ ዓሣውን አዩት፤ ዓሣውም አያቸው።

«ልጄ፣ የሐዋርያት ጾም ላይ አይደለንም?»

«አባቴ፣ ሐዋርያት ራሳቸው ዓሣ አጥማጆች አልነበሩም?»

«ነበሩ። መረባቸውን ጥለው ተከተሉት ነው የሚለው፤ ድስት ይዘው አይልም።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከጉና ተራራ በኩል የመጣ ደመና ተዘረገፈባቸው። ዝናብም አይደለ፣ ባቄላ ባቄላ የሚያህል በረዶ! ማኅበርተኛው ጋቢውን ተከናንቦ ወደ መሰላሉ ተጋፋ። መሰላሉ የለም። ውባለም ነቅላ ታች ይዛው ቆማለች።

«አንቺ ሴት! መሰላሉን!» አለ ደምሌ።

«ክዳኔን እንደምትመልስ ዋስ ጥራ።»

«በረዶው ይቁምና እንነጋገራለን!»

«ዋስ ጥራ በንጉሥ አምላክ!»

በንጉሥ አምላክ ከተባለ ጨዋታ የለም፤ አልፎ የሄደ የመንደሩ ዳኛ ጭቃ ሹሙ ፊት ይቆማል። ደምሌ ግን ግትር ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ ቁጭ አለ።

«እንግዲያው ምጥዋ ነኝ በልና ተኛበት» አለችው።

ጎረቤታቸው መንግስቴ መላጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ፦ «አንተ ሰውዬ፣ እኔን ጥራ! በሞቴ ጥራኝ!»

«እኔንም!» «እኔንም!» አለ የቀረው።

«ልጄ ውባለም፣ እኔም ዋስ ነኝ» አሉ ቄስ አስናቀ።

«አባቴ ይፍቱኝ፣ ካህን ዋስ ይሆናል?»

«በበረዶ ይሆናል!»

ደምሌ ዙሪያውን አየ። ሁሉም ያፈጠጡት እሱ ላይ ነው። «ይሁን፣ እመልሳለሁ፤ እነዚህ ሁሉ ዋሶቼ ናቸው» አለ። ያን ጊዜ መሰላሉን አቆመችላቸው። ወርደው ቤት ቢገቡ ጣራው አናታቸው ላይ ጭቃ ያንጠባጥባል። ውባለም ሮጣ እጇን ጎተራው ውስጥ ከተተች፤ እህሉ ገና አልረጠበም።

ዋስ የሆነ ሰው እዳው እስኪወርድለት እንቅልፍ የለውም። ብራ በሆነ በማግሥቱ እያንዳንዱ የሣር ሸክሙን ተሸክሞ መጣ፤ ጭቃው ፈረሰ፣ ማገር አሳሪው ማገር አሰረ፣ ሣር አልባሹ ሣር አለበሰ።

«ምጥዋ ቢሆን እኮ…» ብሎ ጀመረ ደምሌ ከታች።

«ሣሩን አቀብል» አለው መንግስቴ።

አቀበለ።