አይጥ የማይይዝ ወጥመድ

ወጥመድ ሠሪው ስለ ሙያው ለጠየቀው ሁሉ "እኔ አይጥ ገድዬ አላውቅም፤ የሚገድላት ሆዷ ነው" እያለ ይመልስ ነበር። ሱቁ አልጋ ቢገባበት በሩ የማይዘጋ ጠባብ ክፍል ነው። በአንድ በኩል ጣውላ ተደርድሯል፤ በሌላው በኩል የሽቦ ጥቅል ተሰቅሏል፤ መሃል ላይ ፒንሳና መዶሻ የሚውልበት ጠረጴዛ አለ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ሠርቷል። መዳፍ የሚያክል ጣውላ፣ አንድ ሞላ፣ አንድ መምቻ፣ ምግቡ የሚቀመጥባት ትንሽ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ከኋላ በኩል ተሰክታ መምቻውን ይዛ የምታቆይ አንዲት ቀጭን ሽቦ። ይህችን ቀጭን ሽቦ "ዘበኛዋ" ይላታል። "ሌላው ሁሉ ጉልበት ነው፤ ብልሃቱ ያለው ዘበኛዋ ላይ ነው" ይላል። ዘበኛዋ ያለ ቦታዋ ከተሰካች ወጥመዱ ተራ ጣውላ ነው። አይጧ መጥታ፣ በልታ፣ አፏን ጠራርጋ ትሄዳለች።

አንድ ልጅ ነበረችው። እናቷ ገና ሳትጠግባት ስለሞተች፣ ያደገችው እዚያው ጠረጴዛ ሥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያገኘችውን እርሳስ ሁሉ ስለምትቆረጥም አባቷ "አይጢት" አላት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። እርሳሱን ግን ቆርጥማ አትጥለውም፤ በቀረችው ጉማጅ ትስልበታለች። ጣውላው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የደንበኛ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ሳይቀር ትስል ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት የከተማው ጤና ቢሮ በአይጥ ላይ ዘመቻ አወጀ። ቤት ሁሉ ወጥመድ ይኑረው ተባለ። ወጥመድ ሠሪው በዕድሜው እንደዚያ ዓመት ተፈልጎ አያውቅም፤ ሰላምታ የነፈጉት ሰዎች እንኳ "ጌታዬ" ይሉት ጀመር። ታዲያ ሱቁ ማስታወቂያ ያስፈልገዋል ብላ አይጢት ወረቀትና ቀለም ይዛ ተቀመጠች። የሣለችው ሆዷ የተነፋ አይጥ ናት፤ ባርኔጣዋን አውልቃ ወጥመዱ ፊት እጅ ትነሣለች። ከሥሩ በትልልቁ "የገባ አይወጣም" ብላ ጻፈችበት።

አባቷ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ።

"አይጢት፣ ዘበኛዋን ከፊት ሰካሻት እኮ።"

"ታዲያ ምን አለበት አባዬ?"

"ምን ይኖርበታል? ያንቺ ወጥመድ አይጥ አይይዝም እንጂ። ቢበዛ ያስቃታል።"

"አምጣው ላስተካክለው።"

"ተይው። ገዢው ይዞ የሚሄደው የእኔን ነው" አለና በሚስማር ግድግዳው ላይ መታው። ከዚያ በኋላ ወጥመድ በሣለች ቁጥር እጇ ዘበኛዋን ከፊት ትሰካለች። አባቷም ባየ ቁጥር "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" ይላታል። በዓለም ላይ ወጥመድን እንደዚያ አድርጎ የሚስል ሌላ ሰው አልነበረም፤ ይህን የሚያውቁትም ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ዘመቻው አለፈ። ቀጥሎ መርዝ መጣ፤ በትንሽ በትንሽ ከረጢት የታሸገ፣ ላዩ ላይ በጀርባዋ የተንጋለለች አይጥ የተሣለበት። ሰው ምቾት ይወዳል፤ ሞላ ከመወጠርና የሞተች አይጥ በጅራቷ ይዞ ከማውጣት ዱቄት በትኖ መተኛት ይሻለዋል። ወጥመድ ሠሪው "መርዝ የበላች አይጥ ግድግዳ ውስጥ ገብታ ትሞትና ሽታዋ እናንተን ታስወጣችኋለች" እያለ ይሟገት ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ሱቁን ግን አልዘጋም። በሳምንት ሦስት አራት ወጥመድ እየሠራ፣ ማስታወቂያውም ቀለሙ እየሸሸ ከግድግዳው ሳይወርድ ኖረ።

አይጢት አድጋ ጋዜጣ ቤት ገባች፤ ገጽ አቀናባሪ ሆነች። ሰው የሚያውቃት በዚያ ሥራ ነው፤ የማይታወቀው ሌላው ሥራዋ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ በጋዜጣው ጀርባ "ምስጥ" የሚል ፊርማ ያለበት ካርቱን ይወጣል። ምስጥ ማን እንደሆነ የሚያውቁት እሷና ዋና አዘጋጁ ናቸው። አባቷ ሐሙስ ሐሙስ ጋዜጣውን ገልብጦ ያይና "ይሄ ምስጥ የሚሉት ሰውዬ አንድ ቀን ጣውላው በላዩ ላይ ይናድበታል" ይላታል። እሷም በልቧ እየሳቀች ሻዩን ትቀዳለታለች።

በዚያ ዓመት መንግሥት የስብሰባ አዳራሾች ከፍቶ "ያለ ፍርሃት ተናገሩ" አለ። ሕዝቡ ተናገረ። የተናገሩት አንድ በአንድ ከየቤታቸው ሲታጡ ነገሩ ለሁሉም ገባው፤ አፉን ሞልቶ የሚናገር ግን ጠፋ። አይጢት ተቀምጣ ሣለችው። ትልቅ ወጥመድ፣ በምግቡ ቦታ ላይ የተተከለ የድምፅ ማጉያ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው የተሰለፉ አይጦች። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ሳታስብበት ከእጇ ወጣ፤ "የገባ አይወጣም"።

ጋዜጣው እስከ ረፋዱ አለቀ። ሥዕሉ እየተቆረጠ ፀጉር ቤት መስተዋት ላይ፣ የአውቶቡስ ሹፌር መሪ አጠገብ፣ የት ያልተለጠፈበት አለ? አይጢትም ደስ አላት፤ እውነቱን እንናገር፣ በጣም ደስ አላት። ግድግዳ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የተሰቀለ ነገር ለዓይን አይታይም፤ ማስታወቂያው ከነመኖሩ ትዝ አላላትም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች ሱቁ ገቡ። ያየውን የነገራት ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ነው። አንደኛው ሰውዬ ጋዜጣውን ከማስታወቂያው ጎን አድርጎ አስተያየ፤ ከዚያ ወጥመድ ሠሪውን መሃል አስገብተው ወሰዱት። ምን እንደተባባሉ ልብስ ሰፊው አልሰማም።

"አባትሽ እርሳስ የሚይዘው ጣውላ ለመለካት ብቻ ነው" አለ ልብስ ሰፊው፣ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ እያፍተለተለ። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። በሌላ ሰው ሥራ ያን ምስኪን ሰው!"

አይጢት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ልብስ ሰፊው ወንበር ሰጣት፤ ለአባቷ ያዘነች መስሎት አጽናናት። ለአባቷስ ማዘኗ መች ቀረ።

እንድታየው የተፈቀደላት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እሄዳለሁ፣ እነግረዋለሁ፣ ከዚያ ለጠባቂው እጄን እሰጣለሁ ብላ ወስና ሄደች። አባቷ ከሽቦው ማዶ መጥቶ ቆመና ገና አፏን ሳትከፍት ቀደማት።

"አንዱ ባለጌ ማስታወቂያችንን ሰርቆ ጋዜጣ ላይ አወጣው አሉ። ይሁን፤ ይጣራል።"

"አባዬ…"

"ስሚኝ። ሥራሽን እንዳትለቂ። ጣውላው እርጥበት እንዳይነካው። ደግሞ ድመት ደጅ ላይ ሳለች አይጢት ከጉድጓዷ አትወጣም፤ እሺ?"

እንደ ወትሮው ቀልዱ መሰላት። እሺ አለችው። የመጣችበትን ነገር እንደያዘች ተመለሰች፤ መንገዱን ሙሉም "አያውቅም፣ ሌባ ነው የሚመስለው" እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። ማጽናኛ ሲጠፋ ሰው በምን አይጽናናም?

ዋና አዘጋጁ በሩን ዘግቶ አነጋገራት። "እጅሽን ብትሰጪ እሳቸውን አይለቁም፤ ሁለት እስረኛ ይኖራቸዋል። አንድ ሥዕል ሥለሽ ስጪኝ። ለሐሙስ፣ በምስጥ ስም። ሰውየው ውስጥ ሆነው ምስጥ ውጭ ከሣለ የተሳሳተ ሰው መያዛቸውን ያውቃሉ።"

ነገሩ እውነት ነበር። አንድ ሥዕል ብቻ ነው የተፈለገው። ወረቀት ዘርግታ ተቀመጠች። የሣለችው መስመር ሁሉ ከበር ውጭ የጫማ ድምፅ ይሰማበታል። ሣለች፣ ቀደደች። በሚቀጥለው ሳምንትም ሣለች፣ ቀደደች። ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ ሄደ፤ በጋዜጣው ጀርባ ምስጥ በነበረበት ቦታ የሳሙና ማስታወቂያ ወጣ። ፈሪ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። እኛ በራችን ሳይንኳኳ ስለምናወራ ነው። እሷ ግን ስድቡን ለማንም አልተወችውም፤ ጧት ጧት ራሷን በመስተዋት እያየች ትጨርሰው ነበር።

አባቷ በአሥራ አንደኛው ወር በምሕረት ተፈታ። ሲወጣ ልብሱ ሰፍቶታል፤ ያ ሞላ የሚጠመዝዝ ግራ እጁ ብርጭቆ ሲያነሣ ያፈሳል። ሱቁን አንድ ቀን ከፍቶ ጠረጴዛው ፊት ቆመ፤ ፒንሳውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ ቆለፈና ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቤት ደጅ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ መሞቅ ሆነ ሥራው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀመጠች። በሆዷ የያዘችው ነገር ማደሪያ አሳጥቷታል።

"አባዬ፣ ያ የጋዜጣው ሥዕል…"

"ተይው እሱን። የሰረቀንን ሰው ይቅር ብያለሁ" አለና ወንበሩን ወደ ፀሐይ አዞረ። ከዚያ ደግሞ፣ "ሲስል ግን ያውቅበታል። ባርኔጣቸውን ያወለቁት አይጦች፣ ያች ከኋላ የቆመችው በተለይ… ነፍስ አላት" አለ።

እንዲህ ከተባለ በኋላ እንዴት "እኔ ነኝ" ይባላል? ለአንድ ለማያውቀው ሰው ይቅርታ አደረገ፤ ያ ሰው ልጁ መሆኗን ቢሰማስ? ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ብዙ ነው። በተፈታ በስምንተኛው ወር ሳንባው ከዳው፤ እጁን ይዛ ሳለች፣ ሳትነግረው ሞተ።

ከዚያ በኋላ ሥዕል የሚባል ነገር አልነካችም። ስድስት ዓመት አለፈ፤ ዘመኑም ተለወጠና የእስረኞች መዝገብ ለየቤተሰቡ ይታይ ተባለ። እሷም ወረፋ ይዛ ገባች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አቧራ የጠጣ ፋይል አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ቀበቶ፣ አንድ ዓይኑ የተሰነጠቀ መነጽር፣ ከሥሩ ሁለት ወረቀት።

የመጀመሪያው በመርማሪው እጅ የተጻፈ ነው። "ተጠርጣሪው የማስታወቂያውም የጋዜጣውም ሥዕል የራሱ እንደሆነ፣ ምስጥ የተባለው እሱ መሆኑን በፈቃዱ አምኗል። ቃሉን ለማረጋገጥ ከፊታችን እንዲስል ታዞ ሥሏል። አይጡ ባይመስልም እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ነው ብሏል። ወጥመዱ ግን መያዣ ሽቦው ሳይቀር በጋዜጣው ላይ እንዳለው ከፊት በኩል ተሰክቶ ስለተገኘ አንድ እጅ የሣለው መሆኑ ታምኗል። ተጠርጣሪው ከተያዘ ወዲህም የምስጥ ሥዕል መውጣቱን አቁሟል።"

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ሁለተኛውን ወረቀት ገለበጠች።

አይጧ ድንች ትመስላለች፤ ባርኔጣዋ ክዳን ነው። ወጥመዱ ግን በማስመሪያ የተሠመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነው። የጣውላው ውፍረት፣ የሞላው ዙር፣ የሚስማሩ ራስ ሳይቀር በቦታው አለ። ዘበኛዋ ከፊት ተሰክታለች። አይጢት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ከኋላ በኩል፣ ዘበኛዋ በእውነት በምትሰካበት ቦታ ላይ፣ ተፍቆ የጠፋ መስመር ነበር። እጁ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ትክክለኛውን ሠርቷል፤ ከዚያ ፍቆ፣ ልጁ ሁልጊዜ በምትሳሳትበት ቦታ መልሶ ሰካት። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አይጥ የማይይዝ ወጥመድ የሠራው ያን ቀን ብቻ ነው።

ያውቅ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ጋዜጣውን ሲገልጥም፣ ከሽቦው ማዶ ሆኖ ስለ ሌባው ሲያወራም፣ ደጅ ላይ ይቅር ብያለሁ ሲላትም ያውቅ ነበር። ይቅርታው ስድስት ዓመት ሙሉ የእሷ ነበር፤ እሷ ናት ለሌላ ሰው የመሰላት። አለቀሰች፤ ወረፋ የያዙት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ጠበቋት።

ሠራተኛዋም ታገሠቻት፤ ከዚያ የመረከቢያ ፎርሙን አዞረችላት። "አንድ ቀበቶ፣ አንድ መነጽር፣ በሟች የተሣለ አንድ ሥዕል" ይላል።

"ሥዕሉ የእሳቸው መሆኑን አረጋግጠው እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እህቴ።"

"የሣሉት እሳቸው ናቸው" አለች አይጢት። "ስህተቱ ግን የእኔ ነው።"

ሠራተኛዋ ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ለእሱ የሚሆን ቦታ የለውም" አለች ቀስ ብላ። "እዚሁ ላይ ይፈርሙ።"

ፈረመች።